የካርቶን ወይን ጠጅ

የካርቶን ወይን ጠጅ በፕላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በካርቶን የሚሸጥ ወይን ጠጅ ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ያስመዘገበው አውስትራሊያዊው የወይን ጠጅ አምራች ቶማስ አንጎቭ ነው። ያኔ ገዢው የከረጢቱን ጥግ ቆርጦ ከቀዳ በኋላ በመቆንጠጫ ይይዘው ነበር፤ ቧንቧው ቆይቶ መጣ።

ወይን ጠጁ ሲቀዳ ከረጢቱ እየተጨማደደ ስለሚሄድ አየር አይገባበትም። የተከፈተ ጠርሙስ በጥቂት ቀናት ጣዕሙን ሲያጣ፣ ይህኛው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። በቀን አንድ ብርጭቆ ለሚበቃው ሰው ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ የሚደፋ ነገር የለም። ባለ 3 ሊትሩ 4 ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶችን ስለሚያህል፣ ዋጋውን ለ4 አካፍሎ ከጠርሙስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ይሁንና ፕላስቲኩ ጥቂት ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ፣ ሳይከፈትም ቢሆን ለዓመታት አይቀመጥም። ስለዚህ ዋጋው የተቀነሰ ካርቶን ሲገኝ አስቀድሞ የሚታየው የታሸገበት ቀን ነው።