የተሞላ አትክልት በማይክሮዌቭ፦ ደቂቃው ስለማይነግረን የመሐል ሙቀት



የዛሬው ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወጣ ጊዜ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቃሪያ መሙላት ደግሞ የሕዝብ ንግግር ሆነ ወይ?» ብለው ቀልደውብኛል። ቀልዱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ በአንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት መምህራንና ሠራተኞች ማይክሮዌቭ እየገዙ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከሰልና ጭስ በሌለበት፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሥራ መልስ ትኩስ ምግብ መብላት ይፈልጋሉ። ቃሪያን፣ ቲማቲምን ወይም የጥቅል ጎመን ቅጠልን በሩዝ፣ በምስር፣ በአይብ ወይም በሥጋ ሞልቶ በአምስት ደቂቃ ማብሰል ለዚህ ኑሮ የተመቸ ይመስላል። ይመስላል ያልኩት በምክንያት ነው፤ የተሞላ ነገር ለማይክሮዌቭ ከሁሉ የሚያስቸግረው የምግብ ዓይነት ነውና።

አትክልትን መሙላት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘሩ ወጥቶ በሽንኩርትና በቲማቲም የሚሞላው የቃሪያ ስንግ በየቤቱ ይታወቃል፤ እርሱ ግን ጥሬውን ስለሚበላ የሙቀት ጥያቄ አያስነሣም። ቱርኮች ዶልማ የሚሉት፣ ትርጉሙም «የተሞላ» ማለት የሆነው ምግብ ግን ይበስላል። አበሳሰሉም በድስት፣ በቀስታ እሳት፣ በእንፋሎት ነው። ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ለመድረስ ሰፊ ጊዜ አለው። እኛ ልናሳጥር የምንፈልገው ይህንኑ ጊዜ ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደተገኘ ባጭሩ ላስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የራዳር ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ እንደቀለጠ አስተዋለ። በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ የሰው ቁመት የሚያህል ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት ዓይነት የተስፋፋው ከ1967 ወዲህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማግኔትሮኑ በሴኮንድ ወደ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ያመነጫል። የውኃ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ስለሆነ የሞገዱን አቅጣጫ ለመከተል ይሽከረከራል፤ ከጎረቤቶቹ ጋርም ይፋተጋል። ሙቀቱ ከዚህ ይወለዳል። ጨረሩ በምግቡ ውስጥ አይቀርም፤ መሣሪያው ሲጠፋ ሞገዱም ይጠፋል። ይህን የምለው «ምግቡን ይመርዛል» የሚለው ወሬ ከእውነተኛው አደጋ ዓይናችንን ስለሚያነሣ ነው። እውነተኛው አደጋ ምግቡ መሐሉ ሳይሞቅ መቅረቱ ነው።

«ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ለአብዛኛው ምግብ ትክክል አይደለም። ሞገዱ እርጥብ በሆነ አትክልት ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘልቆ ኃይሉን ያጣል። የፈረንጅ ቃሪያ የምንለው ወፍራም ቃሪያ ወርዱ ሰባት ወይም ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ቅርፊቱና ከሙሌቱ የውጩ ክፍል ኃይሉን ይወስዳሉ፤ መሐሉ የሚሞቀው ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከዳር ሲተላለፍለት ነው። ሙሌቱ ጨው የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሞገዱ ገና ከዳር ስለሚዋጥ ነገሩ ይብሳል። በአንጻሩ ትንንሽና ክብ ነገሮች፣ ለምሳሌ ዲያሜትራቸው ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ሞገዱን እንደ ሌንስ ወደ መሐላቸው ይሰበስባሉ። እንቁላልና ትንሽ ቲማቲም የሚፈነዱት በዚህ ሳቢያም ጭምር ነው። በአንድ ሳህን ላይ ትንሹ ቲማቲም ሲፈነዳ ትልቁ ቃሪያ መሐሉ ቀዝቅዞ ቢገኝ፣ ሁለቱም የታዘዙት በአንድ ሕግ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሞገዱ ከብረት ግድግዳዎቹ እየነጠረ ስለሚመለስ በምድጃው ውስጥ ኃይል የሚበረታባቸውና የሚደክምባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቁ ቦታ ከሙቁ ቦታ በአማካይ 6 ሴንቲ ሜትር ይራራቃል። ሳህኑ የሚሽከረከረው ይህን ለማስተካከል ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠ ቃሪያ ግን ባለበት ስለሚዞር ከመሽከርከሩ እምብዛም አይጠቀምም። ስለዚህ ቃሪያዎቹ በሳህኑ ዳር ዳር ክብ ሠርተው ይደርደሩ፤ መሐሉ ባዶ ይሁን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አራት የተሞሉ ቃሪያዎች በድምሩ 600 ግራም ይመዝናሉ እንበል። ከ20 ዲግሪ ወደ 75 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 125 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። 800 ዋት የሚሰጥ ማይክሮዌቭ ይህን በሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ያደርሳል፤ ያ ግን አንዳች ሳይባክን፣ ሙቀቱም እኩል ተዳርሶ ሲሆን ነው። በተግባር አምስት ደቂቃ እንውሰድ። መሣሪያው ከመስመር የሚስበው ወደ 1,250 ዋት ቢሆን ወጪው 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እንደሚስብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነው።

ነገር ግን 800 ዋት የሚለው በመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። በከተሞቻችን ሁሉም ሰው ራት በሚሠራበት ሰዓት መብራቱ ሲደበዝዝ የማያውቅ የለም። በትራንስፎርመር የሚሠራው የተለመደው ዓይነት ማይክሮዌቭ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል ከ10 በመቶ በላይ ይወርዳል። ሰዓት ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም፤ አምስት ደቂቃውን ቆጥሮ ይጮኻል። ስለዚህ ከፓኬት ላይ ወይም ከባዕድ አገር የማብሰያ መጽሐፍ የተገኘ ደቂቃ ለሆሳዕና ምሽት ዋስትና አይሆንም።

ይህን በቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ ለተማሪዎቼ ከምሰጣቸው የቤት ሥራዎች ሁሉ የምወደው ነው። አንድ ሊትር ውኃ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ አድርጉ፤ ሙቀቱን ለኩ፤ በሙሉ ኃይል ልክ ሁለት ደቂቃ አሙቁት፤ አማስላችሁ እንደገና ለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ35 አባዙት። 20 ዲግሪ ከጨመረ መሣሪያችሁ በዚያ ሰዓት የሚሰጠው 700 ዋት ነው። ፈተናውን አንድ ጊዜ በቀትር፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

የከፍታው ነገርም አለ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ተሕዋስያንን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፤ ጥሬ ሩዝን ወይም ሽምብራን በአምስት ደቂቃ ለማብሰል ግን ፈጽሞ አይበቃም። ስለዚህ ሙሌቱ ቀድሞ የበሰለ ይሁን። ቁሌቱም በምድጃ ላይ መሠራት አለበት። ማይክሮዌቭ ውስጥ የምግቡ ገጽ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ሽንኩርት አይቀላም፤ በርበሬም ጥሬ ጥሬ ይላል። ቁሌቱን እሑድ አብስሎ በማቀዝቀዣ ማቆየት ይቻላል፤ ማይክሮዌቭ የሚረከበው ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ነው።

የአካባቢያችን ሙሌቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አይብ አሬራ በሙቀት ረግቶ የሚገኝ ስለሆነ እንደ ፈረንጅ አይብ አይቀልጥም፤ ይልቁንም ውኃውን ይለቅቃል። ሳይጠነፍፍ የገባ አይብ ቃሪያውን ሾርባ ያደርገዋል። ቡላ ደግሞ በተቃራኒው ውኃ ይፈልጋል። የእንሰት ስታርች የሚወፍረው ከ60 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን በቂ እርጥበት ካላገኘ ዱቄት ዱቄት እንዳለ ይቀራል። በሐድያ ለያሆዴ በዓል የሚቀርበውን አታካና ያየ ሰው፣ ቡላው በቅቤና በወተት እንዴት በትዕግሥት እየተማሰለ እንደሚወፍር ያውቃል። ያንን በማይክሮዌቭ እተካለሁ የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ለቃሪያ ሙሌት ግን ቡላውን አስቀድሞ በወተት አብስሎ፣ በአይብና በጎመን ለውሶ መሙላት ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ስለ ክዳን ከእንሰት የተሻለ አላገኘሁም። ቆጮ ሲጋገር በኮባ የሚጠቀለለው እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነው። ታጥቦ እርጥብ የሆነ የኮባ ቁራጭ በቃሪያዎቹ ላይ ሲደረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ጎን ሁሉ እየዞረ ያሞቃል። ከስስ ላስቲክም ይመረጣል። ጣባ ግን አይሁን፤ ውኃና ቅቤ የጠጣ ሸክላ ራሱ ሞገዱን እየዋጠ ይግላል፤ ለምግቡ የታሰበውንም ሙቀት ይሻማል።

ዋናውን ጉዳይ ሥጋ ላይ አቆይቼዋለሁ። አገራችን ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የሚወደድባት አገር ናት፤ ይህን ለመውቀስ አልመጣሁም። ለብ ለብ የሚበላ ሰው ምን እንደሚበላ ያውቃል። በቃሪያ ሆድ ውስጥ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ አድርጎ አምስት ደቂቃ የሚያሞቅ ሰው ግን የበሰለ የበላ ይመስለዋል እንጂ መሐሉ ለብ ለብ መሆኑን አያውቅም። የኮሶ ትል እጭ በ60 ዲግሪ ይሞታል፤ በተፈጨ ሥጋ ውስጥ የሚገኙት ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የሚታመነው 71 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከዳር የሚንተከተክ ቃሪያ መሐሉ 45 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ሐሳባዊ ብቻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 400 ያህል ሰዎች በሳልሞኔላ ታመዋል፤ መነሻው ቀዝቅዞ የሚሸጥ፣ በሥጋ የተሞላ ፓይ ነበር፤ ከታመሙትም አብዛኞቹ ያሞቁት በማይክሮዌቭ ነበር። ቅርፊት፣ በውስጡ ሙሌት፣ በላዩ የታተመ ደቂቃ፦ ከእኛ ቃሪያ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ይመስለኛል።

እንግዲህ እኔ ቤት የሚደረገውን ልንገራችሁ። ሥጋው ቀድሞ በምድጃ ይበስላል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቃሪያው ለሁለት ይሰነጠቃል እንጂ ቆሞ አይሞላም፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ መሐል የሚባለው ችግር ራሱ ይቀንሳል። ሁለት ደቂቃ ባዶውን፣ ጥቂት ውኃ ጠብ ተደርጎበት፣ በኮባ ተሸፍኖ ይለሰልሳል። ከዚያ ሞቅ ባለ ሙሌት ይሞላል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሙሌት ብቻውን ሞቆ፣ ተማስሎ ነው የሚገባው። ሦስት ደቂቃ፣ ሳህኑን አዙሮ ሌላ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ሳይከፈት ሦስት ደቂቃ ያርፋል፤ ይህ ዕረፍት ከማብሰሉ አይለይም፤ የዳሩ ሙቀት መሐል የሚደርሰው ያን ጊዜ ነውና። በመጨረሻም ቴርሞሜትር በወፍራሙ ቃሪያ መሐል ይገባል፤ 75 ዲግሪ ካላነበበ ይመለሳል። ቴርሞሜትር የሌለው አንዱን ከፍሎ መሐሉ እንፋሎት ማውጣቱን ይይ፤ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ ሙሌቱ ቀድሞ ከበሰለ ግን ለዕለት ራት ይበቃል።

ቲማቲም የምትሞሉ ሰዎች ቆዳውን በሹካ መውጋት አትርሱ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ የውኃውን ፈተና አሁን እዚሁ ማየት የምትፈልጉም ወደ ፊት ቅረቡ፤ መሣሪያውም ቴርሞሜትሩም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።