ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ትንሣኤ፣ ሁለት እሑድ

ሮም የሚኖር ዘመድ «እንኳን ለፋሲካ አደረሳችሁ» ብሎ ሲደውል እናንተ ገና ሽሮ ላይ ትሆኑ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የምዕራቡ ዓለም ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ትንሣኤን መጋቢት 22 አከበሩ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግን ሚያዝያ 27። አምስት ሳምንት ሙሉ!

ልዩነቱ የእምነት ሳይሆን የስሌት ነው። ሁሉም በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ ጨረቃ ሞልታ የሚመጣውን እሑድ ይፈልጋሉ፤ ቀመራቸው ግን ይለያያል። የእኛው ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበት ቀን የሚሰላበት ጥበብ ነው። የሚገርመው፣ በአገራችን ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ፋሲካን ከኦርቶዶክሱ ጋር አብሮ ይውላል።

በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ሚያዝያ 12 ላይ ተገናኝተዋል። የዘንድሮውን እስቲ ከሁለቱም የቀን መቁጠሪያዎች ፈልጉና ልዩነቱን ቁጠሩ።