በጣና ሣር ውስጥ ዓሣ ምን ያያል? ምንስ ይሰማዋል?

ጎርጎራ አጠገብ ከደንገል ታንኳ ላይ መንጠቆውን የሚጥል ሰውና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ለመዝናኛ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የሚገጥማቸው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ሣር ሞልቶበታል፤ ዓሣውም በሣሩ መካከል ምግቡን ይፈልጋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምን ዓይነት ሰው ሠራሽ ማባበያ ይመረጣል? ልምድ ያለው አጥማጅ መልሱን ከሥራው ያውቀዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን በፊዚክስ ሕግጋት ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ቦታውንና ዓሣውን እንወቅ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ መገጭና ድርማ ያሉ ወንዞች በክረምት የሰሜኑን ደጋ አፈር ጠርገው ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ነፋስም የታችኛውን ደለል ስለሚያናውጠው ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ነው።

በአካባቢው ሕዝብ ነጭ ዓሣ ተብለው የሚጠሩት ትልልቅ ዓሦች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሲኖሯቸው፣ ከእነዚህ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይበላሉ። የሚያስደንቀው ነገር የእነዚህ ዓሦች ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚያደቅበት ጥርስ ያለው በጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ትልቅ ዓሣ ነክሶ ይዞ ሊቆራርጥ አይችልም፤ ትንንሹን ይውጣል እንጂ። ከዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት እናገኛለን፤ ማባበያው በዳርቻው ሣር ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሽ ዓሦች የሚያህል፣ ማለትም ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙ ያልበለጠ ሊሆን ይገባዋል።

ብርሃን በድፍርስ ውኃ

ብርሃን በውኃ ውስጥ በተጓዘ ቁጥር በእኩል ርቀት በእኩል ሬሾ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ብርሃኑ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በግማሽ የሚቀንስበትን ውኃ እንውሰድ። በ60 ሴንቲ ሜትር አንድ ስምንተኛው፣ በአንድ ሜትር ደግሞ አንድ ሠላሳ ሁለተኛው ብቻ ይቀራል። ዓሣ አንድን ነገር የሚለየው ከዳራው ጋር ባለው የብርሃን ልዩነት ነው፤ ይህም ልዩነት በተመሳሳይ አኳኋን ይደክማል። በዚህ ምክንያት በድፍርስ ውኃ የማባበያው ዝርዝር ሥዕል፣ ቅርፊቱና ነጠብጣቡ፣ ፋይዳው አነስተኛ ነው።

ቀለሙስ? በጥሩ ውኃ ቀይ ብርሃን ቀድሞ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ይቀራል። ደለል ባለበት ውኃ ግን አፈሩና የበሰበሰው ተክል ሰማያዊውን ቀድመው ስለሚያስቀሩት ቢጫና ብርቱካናማ ብርሃን የተሻለ ይጓዛል። ስለሆነም ሰማያዊ ማባበያ በመገጭ መግቢያ ጥቁር መስሎ ይታያል። ከታች ወደ ላይ ለሚመለከት ዓሣ ደግሞ ዳራው ብሩህ ሰማይ በመሆኑ፣ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ጥላ ነው። እንግዲህ በውኃው ገጽ ለሚንሳፈፍ ማባበያ ጥቁር፣ ከዓሣው ጎን ለሚያልፈው ነጭ ወይም ቢጫ ቢመረጥ ምክንያታዊ ነው።

የውኃ ንቅናቄ

ዓሣ በግራና በቀኝ ጎኑ የውኃን ንቅናቄ የሚለይበት የስሜት መስመር አለው። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትንሽ አካል በአቅራቢያው የሚፈጥረው የውኃ ንቅናቄ በርቀቱ ሦስተኛ ርቢ መጠን ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ንቅናቄው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ስሜት የሚያገለግለው በጣም በቅርብ ነው። ሆኖም ድፍርስነት አይጋርደውም። የናስ ማንኪያ የመሰለ፣ ሲጎተት የሚወዛወዝ ማባበያ በክረምት ውኃ የሚሻለው ለዚህ ነው። በሌሊት የሚመገበውና በሪዙ የሚዳስሰው አምባዛ ደግሞ ከቀለም ይልቅ ሽታንና ንቅናቄን ይከተላል፤ ለእርሱ የተቀባ ቀለም ከንቱ ድካም ነው።

ክብደትና ሣር

የናስ ማንኪያ ግን አንድ ችግር አለበት። እፍግታው ከውኃ ከስምንት እጥፍ በላይ ስለሆነ መጎተቱ እንደቆመ ይሰምጣል፤ በሣሩም ይያዛል። መፍትሔው የአርኪሜዲስ ሕግ ነው። 2 ግራም የሚመዝን የብረት መንጠቆ በውኃ ውስጥ 1.7 ግራም ያህል ይከብዳል። እፍግታው የውኃ ግማሽ የሆነ 4 ሜትር ኩብ ሳይሆን 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ እንጨት 2 ግራም ያነሣል። ይህም 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ9 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት ያለው ቁራጭ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ማባበያው ለጥቂት ይንሳፈፋል፤ ሲጎተት ጠለቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሲቆም ከሣሩ በላይ ቀስ ብሎ ይነሣል። የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ከዞረ ደግሞ ሣር አይለቅምም።

መቼና ለምን?

ከማባበያው ምርጫ የሚበልጥ ሌላ ምርጫ አለ፤ እርሱም የጊዜ ነው። አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ሳሉ በመረብ መያዛቸው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተስፋፋው የንግድ ዓሣ ማጥመድ በኋላ ቁጥራቸው በእጅጉ ለማሽቆልቆሉ ዋና ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭም ብርሃንንና ኦክስጅንን በመከልከል ለትንንሾቹ ዓሦች መጠጊያ የሆነውን የዳርቻ ውኃ ያጠብባል።

መንጠቆ ከመረብ የሚለይበት አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ የተያዘውን አይቶ መልቀቅ ይቻላል። ለዚህም አንድ ጫፍ ብቻ ያለውን፣ ከተቻለም መልሶ የሚይዘው እሾህ የተሞረደለትን መንጠቆ መጠቀም፣ ዓሣውን በረጠበ እጅ መያዝና በቶሎ ወደ ውኃው መመለስ ይገባል። በመራቢያው ወራት ከወንዞቹ አፍ መራቅ ግን ከሁሉ ይቀድማል። ዓሣው በሣሩ ውስጥ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማው ያወቀ አጥማጅ በጥቂት ውርወራ የሚበቃውን ይይዛል፤ ዕንቁላል የተሸከመችውንም ለከርሞ ይተዋታል።