የመጠጥ ዋጋና የሰው ዕድሜ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው በአልኮል ሳቢያ ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሚሊዮኑ ወንዶች ናቸው። በመኪና አደጋ፣ በድብድብ፣ በልብ ሕመም፣ በካንሰርና በሳንባ ነቀርሳ የሞቱትም ተቆጥረዋል። ጉዳቱ ተበታትኖ ስለሚመዘገብ ብዙ መንግሥታት ክብደቱን ሳያዩት ይኖራሉ።

ከሩሲያ ብዙ መማር ይቻላል። ሚካኤል ጎርባቾቭ በግንቦት 1985 የቮድካን ምርት ቀነሱ፣ ዋጋውን አስወደዱ፣ የመሸጫ ሰዓቱን አሳጠሩ። በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ የወንዶች አማካይ ዕድሜ ከ62 ገደማ ወደ 65 ተጠጋ። ነገር ግን የመንግሥት ካዝና ጎደለ፤ ሕዝቡም ሳሞጎን የሚባለውን የቤት አረቄ ለማውጣት ሲሻማ ስኳር ከገበያ ጠፋ። ዘመቻው ላላ። ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ ኑሮ ሲናጋና ቮድካ ሲረክስ፣ በ1994 የወንዶች ዕድሜ ወደ 58 ገደማ አሽቆለቆለ። ከ2006 ጀምሮ ቁጥጥሩ ተመለሰ፦ ታክስ፣ የቮድካ ዝቅተኛ ዋጋ፣ የሌሊት ሽያጭ ክልከላ። በ2003 እና በ2016 መካከል የነፍስ ወከፍ ፍጆታው በ43 በመቶ ቀነሰ። እንዲያም ሆኖ በ2016 መጨረሻ በኢርኩትስክ ከተማ ለገላ መታጠቢያ የተሠራ ፈሳሽ በቮድካ ፈንታ ጠጥተው ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ርካሽ ምትክ እስካለ ድረስ ዋጋ ብቻውን አያድንም።

ስኮትላንድ በ2012 ዝቅተኛ የመጠጥ ዋጋ የሚወስን ሕግ ብታወጣም የውስኪ አምራቾች ፍርድ ቤት ሞግተዋት ሥራ ላይ የዋለው በ2018 ነው። በኋላ የተደረገው ግምገማ በቀጥታ በአልኮል የሚከሰተው ሞት በ13.4 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በክርክሩ ዓመታት የሞቱት ያሳዝኑኛል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአልኮልን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም አዋጁም የኤክሳይዝ ታክሱም በደንብ የሚደርሱት የፋብሪካ ጠርሙስ ጋ ነው። ከአርሲ ነገሌ በየአቅጣጫው የሚጫነው አረቄና በየመንደሩ የሚጠመቀው ጠላ ደረሰኝ የላቸውም። ቢራ ሲወደድ ጠጪው ወደ አረቄ ቤት ከዞረ ጉበቱ አልዳነም። አረቄ እያወጣች ልጆች የምታሳድገውን እናት ማሳደድም ቤቷን ማስራብ ነው። እሷ ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ፣ ጠጪውም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ምክርና ሕክምና እንዲያገኝ ከመጠጥ ታክሱ ላይ በጀት ሊመደብ ይገባል።