የሥራ ቦታ የእንግሊዝኛ ፈተና ምንድን ነው? ለማንስ ይጠቅማል?

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ ምናልባትም በአስተርጓሚነት የሠራ ሰው ችሎታው እያለው ማስረጃው በስደት ላይ ሊጠፋበት ይችላል። የማያውቀው ቀጣሪ ግን ከቃሉ ይልቅ ወረቀቱን ይጠይቃል። ለዚህ ጉዳይ ከተዘጋጁት ዓለም አቀፍ ፈተናዎች አንዱ ቶይክ ይባላል።

ቶይክን ያዘጋጀው ኤጁኬሽናል ቴስቲንግ ሰርቪስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1979 እ.ኤ.አ. በጃፓን ነው። ይኸው ድርጅት የሚያዘጋጀው ቶፍል በዩኒቨርስቲ ለመማር የሚያበቃ እንግሊዝኛን ይመዝናል። ቶይክ ግን የሚመዝነው በመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገውን ነው፤ የስልክ መልእክት፣ ማስታወቂያ፣ ደብዳቤ፣ የሥራ ቀጠሮ የመሳሰሉትን።

ምን ይጠየቃል?

የማዳመጥና የማንበብ ፈተናው 200 ጥያቄዎች አሉት። 100ው የማዳመጥ ሲሆን 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪው 100 የማንበብ ሲሆን 75 ደቂቃ ይሰጠዋል። ይህም ለአንድ ጥያቄ 45 ሴኮንድ ማለት ነው። መናገርና መጻፍ ለብቻቸው ይፈተናሉ።

ውጤቱ ከ10 እስከ 990 ይደርሳል። ማለፍና መውደቅ የለም፤ ስንት ነጥብ እንደሚበቃ የሚወስነው ቀጣሪው ነው። ለመጋዘን ሠራተኛ የሚበቃው ነጥብ ለእንግዳ ተቀባይ ላይበቃ ይችላል።

ሌላው የታወቀ ፈተና አይልትስ ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ውጤቱም ከ0 እስከ 9 ይሰጣል። ካናዳ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ባለሙያ ስደተኞችን የመቀበል የሙከራ ፕሮግራም የቋንቋ ፈተና ውጤት ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት

1. ቀጣሪው የትኛውን ፈተና፣ ስንት ነጥብ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ያለ ጊዜው መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

2. የፈተና ጣቢያው የስደተኛ መታወቂያችሁን ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ። አንዳንዱ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ይጠይቃል።

3. በስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ለሚካሄደው ሪሴትልመንት የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠየቅም፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። “ሰርተፊኬት ከያዝክ ስምህ ቶሎ ይወጣል” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። በገንዘብ የተገዛ የሐሰት ሰርተፊኬትም በቀላሉ ይታወቃል፤ መዘዙም ለባለቤቱ ይተርፋል።

እንዴት እንዘጋጅ?

መጽሐፍ ባይኖር እንኳ በሬዲዮ የእንግሊዝኛ ዜና አዳምጡና ዋና ዋናውን ሐሳብ ጻፉ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ቃል በደብተር መዝግቡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዱ ቀጣሪ፣ ሌላው ሥራ ፈላጊ እየሆናችሁ ተጠያየቁ። በቶይክ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ፣ በፈተናው ቀን ባዶ የምትተዉት ጥያቄ አይኑር።

ፈተናው ያላችሁን ችሎታ ይለካል እንጂ ችሎታን አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋው፣ ቀጥሎ ወረቀቱ።