ሲኖትራክ ያለው፣ ሴስና የሌለው

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ጋ፣ ጭነት ያለው ሲኖትራክ ሲያልፍ ጆሮ ስጡት። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ከሞተሩ ጉርምርምታ በላይ ቀጭን ፉጨት ትሰማላችሁ። ተርቦው ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለችው ጓደኛዋ ደግሞ የውጭውን አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትልካለች። አቃቂ ቃሊቲን በቀን በቀን ከሚያቋርጡት ትልልቅ የናፍጣ መኪኖች ይህ የሌለው ብዙ አታገኙም።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ሴስና 172 የምትባለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከ44,000 በላይ ተመርታለች፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተሠራ ሌላ አውሮፕላን የለም። ስፍር ቁጥር የሌለው አብራሪ በረራ የጀመረው በእሷ ነው። ታዲያ ዛሬ አዲስ ሆና ከፋብሪካ ስትወጣ እንኳ ተርቦ የላትም። ድንጋይ የሚያመላልሰው መኪና ያለው ነገር፣ ሰማይ የምትወጣዋ የላትም ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለምን እኛን ከሌላው ይበልጥ እንደሚመለከተን ልንገራችሁ። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከአዋሽ በረሃ መጥቶ እንጦጦን በሩጫ እንደሚወጣ እንግዳ ነው፤ ጉልበቱ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

በቁጥር እንየው። የሴስናዋ ሞተር ባሕር ጠለል ላይ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። አቃቂ ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ስናሰላው ከ130 በታች ይወርዳል። አየር ሲሞቅ ይበልጥ ይሳሳልና ቀትር ከማለዳ ይከፋል። ችግሩ ደግሞ በሞተሩ አያበቃም። ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ክንፉም የሚደገፈው በእሱው ነው። ስለዚህ አውሮፕላኗ ከመሬት ለመነሳት የበለጠ መፍጠን አለባት፤ ለመፍጠን ግን ያላት ጉልበት አንሷል። ሁለቱ ሲደመሩ የመንደርደሪያው ርዝመት ባሕር ዳርቻ ከሚበቃት ወደ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል።

አብራሪው ይህን የሚያካክስበት መንገድ የሚገርም ነው። ፊት ለፊቱ የሚገፉና የሚሳቡ ሁለት እጀታዎች አሉ። ጥቁሩ እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል ይወስናል። ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ያደርግና ቁልፉን ወደ አንዱ ማቀጣጠያ ያዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ እነሱን የሚያቀጣጥሉ ሁለት ማግኔቶዎችም አሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲያደርሰው። አንዱ ሲጠፋ ዙሩ ከ150 በላይ ከወረደ በረራው ይቀራል። ከዚያ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ፍሬን ይዞ ጥቁሩን እስከ መጨረሻው ይገፋና ቀዩን በቀስታ ይስባል። ስስ አየር ውስጥ ቤንዚኑ በዝቶበት ይንተፋተፍ የነበረው ሞተር ድምፁ ይጠራል፤ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ቀስቱ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ይመልሰዋል። በመኪና ይህን ሥራ ኮምፒውተር ከተረከበው ዓመታት አልፈዋል።

አቃቂ ለዚህ ወሬ እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያን ሲወረን የንጉሠ ነገሥቱ ጥቂት አውሮፕላኖች ዋና ሜዳቸው አቃቂ ነበር። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም በዚያው ጦርነት የአየር ኃይሉን መርቷል። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አገር ባለ ፒስተን ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያኖች ወሰዷት፤ ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች።

ከፀሐይ በኋላም ምኞቱ አልሞተም። አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመትህ አጠረ ተባለ። በመጻሕፍትና በዩቲዩብ ራሱን እያስተማረ የራሱን አውሮፕላን ሠራ፤ ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ የፈጀበት ቀን ነው። ሞተሩ የቮልስዋገን ቢትል ነበር፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት። በ2007 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሰመረም። የድፍረቱ ነገር ባርኔጣ ያስነሳል፤ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሒሳቡ ነው። ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ 40ው ፈረስ በቀዝቃዛ ቀን እንኳ ወደ 30 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ቢሳካለት፣ ከአራት ፈረሶቹ አንዱን አየሩ አስቀድሞ ወስዶበታል።

ታዲያ የትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ለምን አልተሻሻለም? ሰነፍ መሐንዲስ አትፈልጉ፤ መልሱ ገበያው ጋ ነው። በዓለም በዓመት የሚመረተው መኪና ከ80 ሚሊዮን ይበልጣል። ባለ ፒስተን አውሮፕላን ግን በቅርብ ዓመታት ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም። አንድ ካርቡሬተር ወይም ፒስተን ሲቀየር አዲሱ በሰማይ ላይ እንደማይከዳ በብዙ ፈተናና ወረቀት መረጋገጥ አለበት፤ ያን ወጪ የሚያካፍሉት ደንበኞች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የሚሠራውን አለመንካት ይመረጣል። ለአሮጌው ሞተርም ፍትሕ እንስጠው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚያፈስ ራዲያተር የለውም፤ ማግኔቶው የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪ ቢሞትም አይጠፋም፤ ቴስታታውን የፈታ መካኒክ ውስጡ ግር የሚለው ነገር ብዙ የለም።

ነዳጁ ግን ይቅርታ አያሰጠውም። እነዚህ ሞተሮች የለመዱት የአቪዬሽን ቤንዚን ዛሬም በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ፣ ያንን መርዛማ ብረት፣ ይይዛል። ለመኪና የሚሆን እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የቆመው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2013 ዓ.ም. ተወችው። አሜሪካ ለትንንሽ አውሮፕላኖች ያስቀመጠችው ቀነ ገደብ ገና እ.ኤ.አ. የ2030 መጨረሻ ነው። ወደብ ለሌለን ደግሞ ለጥቂት አውሮፕላኖች ብሎ ልዩ ቤንዚን ማስመጣት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ደስ የሚለው፣ መውጫው ተጀምሯል፤ እኛም ጋ ደርሷል። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አብራሪዎችን ከሚያሠለጥንባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ነው። ሞተሩ የመርሴዲስ ቤንዝ የቤት መኪና ናፍጣ ሞተር ዘር ነው፤ ሁለት ሊትር ሆኖ 168 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ የሴስናዋ ግን 180 ለማውጣት ወደ ስድስት ሊትር ይሰፋል። ተርቦ አለው። የሚጠጣውም ቦይንጎቹ የሚቀዱትን የጄት ነዳጅ ነው፤ እሱም በደንብ የተጣራ የነጭ ጋዝ ዘመድ ነው። ቀዩ እጀታ ቀርቷል፤ አብራሪው አንድ ዘንግ ይገፋል፣ ቀሪውን ኮምፒውተር ይሠራዋል። በሌላ በኩል የኦስትሪያው ሮታክስ 915፣ 141 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 15,000 ጫማ ድረስ ሳይቀንስ ይይዛል፤ ያ የራስ ዳሸን አናት ከፍታ ማለት ነው። የመኪና ቤንዚን ቢሰጡትም አይከፋውም።

በነፃ የመጣ ግን አይደለም። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ኤሌክትሪክ ካጣ ይቆማል፤ ስለዚህ መጠባበቂያው በድርብ መሆን አለበት። የውሃ ማቀዝቀዣና የዙር መቀነሻ ማርሽ ክብደትም ጥገናም ይጨምራሉ። ቢሆንም እንደ እኛ ላለ ደጋ አገር ምርጫው ግልጽ ነው እላለሁ። ብዙው ሰው ስለ አዲስ አውሮፕላን ሲያወራ ስለ ቅርጹ፣ ስለ መቀመጫው፣ ስለ ስክሪኑ ያወራል። ኢትዮጵያ መመኘት ያለባት ግን መጀመሪያ የሚተነፍስ ሞተር ነው። ባለ 100 ፈረስ ሆኖ አቃቂ ላይ 100ውን የሚሰጥ ሞተር፣ 140 ተብሎ እዚህ ሲደርስ 100 ከሚሆነው ይሻላል፤ ሁለተኛው ተሸክሞት የሚዞረው ብረት ብዙ ነውና።

ስለዚህ አንድ ሰው ትንሽ አውሮፕላን ሊገዛ ወይም ሊሠራ ነው ሲባል ከሰማችሁ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብላችሁ አትጀምሩ። የፈረስ ጉልበቷን እስከ ስንት ሜትር ድረስ ሳትቀንስ ትይዛለች? ነዳጇ አገር ውስጥ ከሚቀዳው ነው ወይስ ለብቻው መጫን አለበት? በቀትር ሙቀት፣ ሙሉ ጭና፣ ከአቃቂ ከፍታ ለመነሳት ስንት ሜትር መንደርደር ትፈልጋለች? ሦስተኛውን ጥያቄ ያለ ማመንታት የመለሰላችሁ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።