ከመቅደላ የሄዱ ሁለት ሜዳዮች

መቅደላ ሲነሳ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። በዚያን ዕለት በጠላት በኩል ስለተሠራ ጀብዱ ያነበብኩት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም ባላሰብኩት ቦታ ነው። የእንግሊዝን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ሽልማት፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ያገኙ ሰዎችን ስም ዝርዝር ስመለከት ከክሪሚያና ከህንድ ጦርነቶች ቀጥሎ የእኛዋን አምባ አገኘኋት።

ሽልማቱን ንግሥት ቪክቶሪያ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ በ1856 ከክሪሚያ ጦርነት ማግሥት ነው። ከነሐስ የሚሠራ ተራ የሚመስል መስቀል ሲሆን፣ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም የሚያገኙት አንድ ዓይነት ነው። ነሐሱ ሴባስቶፖል ላይ ከተማረኩ የሩሲያ መድፎች የተገኘ ነው ሲባል ኖሯል፤ በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን አንዳንዶቹ ሜዳዮች ከቻይና መድፍ የተሠሩ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጠቁሟል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ታላቅ መድፍ የሰየሙትም በዚያችው ከተማ ስም መሆኑ ይገርመኛል። ያ መድፍ መቅደላ አፋፍ ላይ ቀረ።

ወደ ዕለቱ እንመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኤፕሪል 13 ቀን 1868) የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ኮኪት በር ደረሰ። በሩ ከኋላው በድንጋይ ክምር ተደግፏል። የምሕንድስና ክፍሉ ደግሞ በሩን የሚያፈርስበትን ባሩድም ሆነ መወጣጫ መሰላሉን ሳይዝ መጥቶ ኖሯል! ወታደሩ በሩ ላይ ተገትሮ ሳለ ከ33ኛው ሬጅመንት ጥቂት ሰዎች ከዋናው መንገድ ተነጥለው በገደሉ በኩል ወጡ። ቁመተ ረጅሙ ተራ ወታደር ጄምስ በርጊን የእሾህ አጥሩን በሳንጃው ከፈተ። ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር በእርሱ ትከሻ ላይ ተረማምዶ ገባና ጓደኛውን ስቦ አወጣው። ከዚያ አንዱ ሲተኩስ ሌላው የቀሩትን እየጎተተ አስገባ። የበሩ ተከላካዮች በጎን ተቆረጡ። ብዙም ሳይቆይ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከራሷ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ።

ሁለቱም ወታደሮች አይሪሾች ነበሩ። ሽልማታቸው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በለንደን ጋዜት ታወጀ፤ መጀመሪያ መቅደላ የገቡት እነርሱ መሆናቸውም ተመዘገበ።

ጀግንነት ነው ወይ? እኔ ነው እላለሁ። የታጠረ ገደል ላይ ቀድሞ አንገቱን ብቅ የሚያደርግ ሰው ከላይ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ሆኖም ሚዛኑን እንየው። በዚያ ቀን ከአጥቂዎቹ አንድም አልሞተም፤ የቆሰሉትም ከሃያ ያነሱ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ አብዛኛውን ሠራዊታቸውን አሰናብተው የቀሩት ጥቂት ታማኞች ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። እንግሊዞች ከኋላ በሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ሲተኩሱ፣ በፊታውራሪ ገብርዬ የተመራው ጦር አሮጌ ጠመንጃና ጦር ይዞ ቁልቁል ወረደባቸው። በእኛ በኩል ወደ 700 ሰው አለቀ፤ ገብርዬም ወደቁ። በእነርሱ በኩል 20 ያህል ቆስለው ሁለቱ በኋላ ሞቱ።

ለእኔ ይበልጥ የከነከነኝ ግን የሽልማቱ ደንብ ነው። ቪክቶሪያ ክሮስ ምስክርና የአዛዥ ጥቆማ ይፈልጋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ በላይ ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በውጊያው ለሞተ ሰው አይሰጥም ነበር። ሟቹ ቢበዛ “በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይጠቆም ነበር” ተብሎ ነው የሚያልፈው። በናፒየር ጦር ውስጥ ብዙኃኑ የነበሩት ሕንዳውያን ወታደሮችም እስከ 1911 ድረስ ሽልማቱ አይመለከታቸውም ነበር። ከማግነር ጎን አንድ ፑንጃቢ ቀድሞ አጥሩን ቢዘል ኖሮ ስሙ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

በዚህ ደንብ ከሄድን ገብርዬና በመጨረሻው ቀን የወደቁት ራስ እንግዳ፣ እንግሊዛውያን ቢሆኑ እንኳ ሜዳዩን ባላገኙ ነበር። ሞተዋልና። አንድ ሰው ለጌታው ሲል እስከ መጨረሻው ቆሞ መሞቱ ከሚለካበት መለኪያ ያስወጣዋል ማለት ነው። በኋላ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህ እንደማያስኬድ አምነው ደንቡን ለውጠዋል።

በርጊን በ1880 ህንድ ውስጥ ፑና ከተማ፣ ማግነር ደግሞ በ1897 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ሞቱ። ናፒየር “የመቅደላው ባሮን” ተባሉ። የገብርዬ ስም የተረፈው በእኛው አፍ ነው፤ በቴአትሩ፣ በልቦለዱና በየሰው ጨዋታ። ራስ እንግዳን ግን ከወዳጆቼ መካከል ጠይቄ የሚያውቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት።